ለሳንባ የተላከ አየር ሆድ ሲገባ

ዛሬ የምናገረው ብዙ ሰው ለሐኪሙ እንኳ ለመንገር የሚያፍርበትን ነገር ነው። በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰው ሲፓፕ የሚባለውን መሣሪያ ያገኛል፤ ማስኩን አፍንጫው ላይ አስሮ ያድራል። ጠዋት ሲነሣ ሆዱ ተወጥሯል፣ ያገሳዋል፣ ጎኑን ይወጋዋል፣ ቀበቶው አልዘጋ ይለዋል፤ ረፋዱን በሙሉ ከሰው ፊት ለመቀመጥ ይሳቀቃል። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ካደረ በኋላ መሣሪያውን ጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። ማንኮራፋቱ፣ መታፈኑና የቀን እንቅልፉም ተመልሰው ይመጣሉ። ይህ መሆን የለበትም ብዬ ነው ዛሬ የምሟገተው። የሆድ መነፋቱ ሕክምናው ለዚያ ሰው አይሆንም ማለት አይደለም፤ አዲስ የጨጓራ በሽታ ያዘው ማለትም አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ለሰውየውና ለሚኖርበት ቦታ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው። በአሰላና በአርሲ ደጋ ደግሞ ይህን ማስተካከል ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርጉ ምክንያቶች አሉ።

ከበሽታው ልጀምር። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። የጉሮሮው መንገድ በተፈጥሮ ጠባብ የሆነበት ሰው ምላሱና የላንቃው ሥጋ ወደ ኋላ ወድቀው የአየሩን መተላለፊያ ይዘጉታል። ደረቱ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይወርዳል፣ አንጎሉ ይደነግጣል፣ ሰውየው ሳይታወቀው ለቅጽበት ነቅቶ አየሩን ይምግና እንደገና ያሸልባል። መቋረጡ 10 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከቆየ ይቆጠራል፤ በሰዓት ከ5 ያነሰ ከሆነ እንደ ጤናማ፣ ከ15 ጀምሮ እንደ መካከለኛ፣ ከ30 ጀምሮ እንደ ከባድ ይታያል። ከባድ የሆነበት ሰው ስምንት ሰዓት ተኝቶ እንኳ እንዳልተኛ ሆኖ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት የሳንባ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ግምት በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ከሆኑ ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን የሚሆኑት ይህ ችግር በተለያየ ደረጃ እንዳለባቸው፣ ከእነዚህም 425 ሚሊዮኑ መካከለኛ ወይም ከባድ እንደሆነባቸው አመልክቷል። «ይህ የወፍራሞችና የከተሜዎች በሽታ ነው፤ የኃይሌ ገብረሥላሴን አሰላ፣ የደራርቱ ቱሉንና የቀነኒሳ በቀለን በቆጂ ምን አገናኘው?» የሚል ሊኖር ይችላል። ውፍረት ትልቁ አባባሽ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የመንጋጋ አቀማመጥ፣ የአንገት ውፍረት፣ ዕድሜ፣ በሕፃናት ላይ ደግሞ የቶንሲል ማበጥ ቀጭኑንም ሰው ለዚህ ይዳርጉታል። የሯጭ አገር መሆናችን ስንዴ በኮምባይነር የሚያጭደውን፣ ቀኑን በሱቅ ወይም በቢሮ ተቀምጦ የሚውለውን፣ ደም ግፊትና ስኳር ይዞ በተመላላሽ ክፍል ወረፋ የሚጠብቀውን ጎረቤታችንን አያድነውም።

ሲፓፕን ለዚህ ሕክምና ያዋለው አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር በላንሴት መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ አምስት ሕሙማን በአፍንጫቸው በሚገባ መጠነኛ የአየር ግፊት ሳይታፈኑ ማደራቸውን አሳየ። መሣሪያው ብዙዎች እንደሚመስላቸው ኦክስጅን አይሰጥም። በመኝታ ክፍሉ ያለውን አየር በትንሽ ሞተር እየገፋ በቱቦና በማስክ ይልካል፤ ግፊቱ ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፎ ክፍት ያደርገዋል። ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ውሃ ሲሆን፣ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከ4 እስከ 20 ባለው ውስጥ ይሠራሉ። 10 ሴንቲ ሜትር ማለት አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ በወለሉ ላይ ከሚያሳርፈው ግፊት ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ነው። ነገር ግን ሌሊቱን በሙሉ ያለ ዕረፍት የሚገፋ ትንሽ ነው።

ታዲያ ለሳንባ የተላከው አየር ጨጓራ ውስጥ ምን ይሠራል? ጉሮሯችን የሁለት መንገዶች መገናኛ ነው፤ ከፊት የአየር ቧንቧ አለ፣ ከኋላ የምግብ ቧንቧ። የምግብ ቧንቧው ከላይም ከታችም በቀለበታማ ጡንቻ ይዘጋል። ከጨጓራው በር ላይ ያለው የታችኛው ቀለበት በጤናማ ሰው ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሚደርስ ኃይል ተጨብጦ ይኖራል፤ ይህ በውሃ ልኬት ከ13 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የማደንዘዣ ባለሙያዎችም በማስክ አየር ሲሰጡ ግፊቱ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ሲጠጋ ጨጓራው በአየር መሞላት እንደሚጀምር ስለሚያውቁ ከዚያ በታች ለመቆየት ይጠነቀቃሉ። ስለዚህ በ8 ወይም በ10 የሚሠራ መሣሪያ ጤናማውን ቀለበት በጉልበት ጥሶ ይገባል ማለት አይቻልም። አየሩ የሚገባው በሩ በራሱ ምክንያት ሲከፈት ነው። አንደኛው ምክንያት መዋጥ ነው፤ በዋጥን ቁጥር ቀለበቶቹ ይላላሉ፣ ከኋላ የሚገፋ አየር ካለም አብሮ ይወርዳል። ሌላው ደግሞ የታችኛው ቀለበት ከደከመ ወይም በየጊዜው ያለ ምክንያት የሚላላ ከሆነ ነው፤ ይህ ቃር የሚያስቸግራቸው ሰዎች ዋና ችግር ነው። የተደረጉት ጥናቶችም ይህንኑ ይደግፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ሆዳቸው የሚነፋ የሲፓፕ ተጠቃሚዎችን ከማይነፋቸው ጋር ያነጻጸረ አነስተኛ ጥናት፣ የሚነፋቸው ሰዎች ላይ የአሲድ መመለስ ምልክት በርክቶ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ የተደረገውም ሁለት ነገር አረጋግጧል፦ የሆድ መነፋቱ በተጠቃሚዎች ዘንድ የተለመደ መሆኑንና ሌሊት ከሚመጣ ቃር ጋር መያያዙን። አፍሮ ዝም ያለው ሰው ብቻውን አይደለም።

ለዚህ በአገራችን ሆስፒታሎች በየቀኑ የሚታይ ማስረጃም አለ። በኢትዮጵያ ሲፓፕ በሰፊው የታወቀው በአዋቂዎች ሳይሆን በጨቅላ ሕፃናትና በሳንባ ምች በሚታከሙ ልጆች ላይ ነው፤ ቱቦው ውሃ ውስጥ ተነክሮ አየሩ እየተንቆረቆረ የሚወጣበት ባብል ሲፓፕ የሚባለው ዓይነት። በ12 ጠቅላላ ሆስፒታሎች ከባድ የሳንባ ምች በያዛቸው ሕፃናት ላይ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት በዚህ ዘዴ የታከሙት ሕፃናት ሕክምናው የከሸፈባቸው ከተለመደው ኦክስጅን ይልቅ ጥቂት እንደሆኑ አሳይቷል። የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነርሶች ይህን ሕክምና ሲሰጡ የሕፃኑ ሆድ ሊነፋ እንደሚችል ያውቃሉ፤ በዓለም ዙሪያ በዘርፉ «የሲፓፕ ሆድ» ተብሎ ስም ወጥቶለታል። ነርሷ ሆዱ ተነፋ ብላ ሕክምናውን አትነቅልም። በአፍ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ጨጓራ አስገብታ ጫፉን ክፍት ትተዋለች፤ አየሩ ይወጣል፣ ሳንባው የሚፈልገውን ግፊት ያገኛል። ለአዋቂው እንዲህ ያለ ቱቦ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ያ አስተሳሰብ ነው፦ መነፋቱን አስቀድሞ መጠበቅ፣ መፍትሔ መስጠት፣ ሕክምናውን መቀጠል። ለሕፃኑ የምናደርገውን ለአባቱ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ ቀላሉ መልስ «እንግዲያው ግፊቱን ቀንሱት» የሚለው ነው። ግማሹ እውነት አለው፤ ግማሹ ግን ያሳስታል። ግፊቱ ከሚያስፈልገው በታች ከወረደ ጉሮሮው እንደገና ይዘጋል። በእንቅልፍ ውስጥ የምንውጠው አብዛኛውን ጊዜ ብንን በምንልበት ቅጽበት ነው፤ የተኛ ሰው በጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ሲሆን መዋጡ እጅግ ይቀንሳል። ስለዚህ በደንብ ያልታከመ ሰው በሰዓት ብዙ ጊዜ ይባንናል፣ በባነነ ቁጥር ይውጣል፣ በዋጠ ቁጥር አየር ያስገባል። ግፊቱን ያለ ልክ የቀነሰ ሰው ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል፤ ይታፈናልም፣ ይነፋልም። ሌላም ወጥመድ አለ። አውቶ የሚባሉት መሣሪያዎች ግፊቱን እንደ ጉሮሮው ሁኔታ ራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ማስኩ በጎን ካፈሰሰ ወይም አፍ ከተከፈተ የመሣሪያው ንባብ ይታወክና ግፊቱ ሳያስፈልግ ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ ከላይ ገደብ ካልተደረገለት እስከ 20 ይሄዳል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ሆዱን ያስነፋው ያልጠበቀው የማስክ ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ምን ያህል እንቀንስ?» መሆን የለበትም፤ «ጉሮሮው ክፍት ሆኖ የሚያድርበት ዝቅተኛው ግፊት ስንት ነው?» መሆን አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ሆዳቸው የሚነፋ ሰዎችን ወስዶ በተለያየ ጊዜ ቋሚ ግፊት በሚሰጥ መሣሪያና በአውቶ አስተኛቸው። በአውቶው ጊዜ አማካዩ ግፊት ዝቅ ያለ ነበር፤ የሆድ መነፋቱና ጋዙም ቀንሷል። የተጠቀሙባቸው ሰዓታት ግን ብዙም አልተለያዩም። ይህን ሁለተኛውን ውጤት መሸሸግ አይገባም፤ ሆዱ የተሻለው ሰው ሁሉ ወዲያው መሣሪያውን ይወድደዋል ማለት አይደለም። ቢሆንም ከሁለት እኩል ከሚያድኑ መንገዶች አንዱ ሥቃይ የሚቀንስ ከሆነ እሱን መምረጥ ይገባል። አውቶው ካልበቃ አየር ስናስወጣ ለጥቂት ጊዜ ግፊቱን የሚያላላውን ቅንብር ማብራት ይቻላል፤ ብዙ መሣሪያዎች አላቸው፣ ብዙ ሰው ግን መኖሩንም አያውቅም። ከዚያ ቀጥሎ ለማስገቢያና ለማስወጫ የተለያየ ግፊት የሚሰጠው ባይፓፕ አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻም መሆን አለበት።

ወደ ራሳችን ቦታ ልምጣ። ውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ የማይነግረን ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በቆጂ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ደግሞ 71 በመቶ ገደማ ብቻ። የአየር ማራገቢያ የሚፈጥረው ግፊት በአየሩ ጥግግት ይወሰናል። ከፍታን በራሱ የማያስተካክል አሮጌ መሣሪያ ባሕር ዳር 12 እንዲሰጥ የተቃኘ ከሆነ፣ በዚያው ፍጥነት አሰላ ላይ ሲሽከረከር የሚሰጠው 9 አካባቢ ነው። አንዳንዶቹ አሮጌ መሣሪያዎች ከፍታውን ሰው በእጁ እንዲመርጥ የሚያስችል ቅንብር አላቸው። ለበቆጂ የተመረጠው ቅንብር ሳይነካ ሰውየው አዳማ ወርዶ 1,712 ሜትር ላይ ቢተኛ ግፊቱ ከታሰበው በላይ ይሆንበታል፤ ሆዱም ይነፋል። አዲሶቹ መሣሪያዎች ግፊቱን በራሳቸው ዳሳሽ እየለኩ ያስተካክላሉ፤ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እነሱም ቢሆኑ ገደብ አላቸው። ለምሳሌ በስፋት የሚታወቀው የሬስሜድ ኤርሴንስ 10 መመሪያ የሥራ ከፍታውን እስከ 2,591 ሜትር ይላል። አሰላ ከዚያ በታች ናት፤ በቆጂ ግን ከዚያ በላይ ነች። ይህ ማለት መሣሪያው በቆጂ ላይ ይቆማል ማለት አይደለም፤ አምራቹ የተጻፈው ቁጥር በትክክል ይደርሳል ብሎ ዋስትና አይሰጥም ማለት ነው። በጭላሎ ግርጌ የሚኖር ሰው የመሣሪያውን መመሪያ ሲገልጥ መጀመሪያ የሚያየው መስመር ይህ መሆን ይገባዋል።

መሣሪያው ከየት እንደመጣም መጠየቅ አለበት። ከውጭ አገር ዘመድ በሻንጣ የተላከ፣ ሌላ ሰው ሲጠቀምበት የቆየ መሣሪያ ከሆነ፣ ከፕላስቲኩና ከሞተሩ ጋር የዚያ ሰው ግፊትም አብሮ መጥቷል። የ120 ኪሎ ሰው በባሕር ጠለል አካባቢ የታዘዘለት 16 ለ65 ኪሎ የአሰላ እናት ሊሆን አይችልም። ይህን ሳይነኩ ማስኩን ማሰር የሰው መነጽር አድርጎ እንደ መንዳት ነው። በዚህ ላይ ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 የመጀመሪያውን ትውልድ ድሪምስቴሽንን ጨምሮ ብዙ መሣሪያዎቹን ከገበያ ሰብስቧል፤ ውስጣቸው ያለው ድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ እየፈራረሰ ብናኙ ከአየሩ ጋር ሊሳብ ወይም ሊዋጥ ስለሚችል ነው። በስጦታ የመጣ መሣሪያ ሞዴሉና የተመረተበት ዘመን ሳይታይ ሥራ ላይ መዋል የለበትም። ለዘመድ ልግስና ያለኝ አክብሮት ይህን ከመናገር አያግደኝም፤ እንዲያውም ላኪው ራሱ ከመላኩ በፊት የታዘዘውን ግፊት እንዲያስጠፋ፣ ተቀባዩም ሐኪም እስኪያስተካክለው እንዲጠብቅ መንገር የፍቅሩ አካል ነው።

«የደጋ አየር ራሱ ሆድ ይነፋል» የሚል ክርክርም አለ። ይህ ከንቱ ወሬ አይደለም። ጋዝ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል፤ ከአዳማ ወደ አሰላ የወጣ ሰው አንጀት ውስጥ ያለው ጋዝ በስሌት 9 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ጋዝ እንደሚበዛባቸው ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1981 ጽፈዋል። ነገር ግን ይህ የመንገደኛ ጉዳይ ነው፤ ትርፉ ጋዝ ይወጣል፣ ሰውነት ይለማመዳል። አሰላ ተወልዶ አሰላ የሚያድር ሰው ከፍታው በየጠዋቱ ሊነፋው አይችልም። መሣሪያው ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን ለመለየት ከሁሉ የተሻለው ፈተና ያለ ወጪ በየቤታችን ይመጣል፦ መብራት የጠፋበት ሌሊት። መሣሪያው ባልሠራበት ሌሊት ማግስት ሆዱ ካልተነፋ፣ በሠራበት ሌሊት ማግስት ከተነፋ፣ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። የተዋጠ አየር ጠዋት ሲነሡ ይብሳል፣ በግሳት ይወጣል፣ ሽታ የለውም፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ይቀንሳል። ከባቄላ፣ ከአተርና ከሽሮ የሚመጣው ጋዝ ግን አንጀት ውስጥ በባክቴሪያ የሚፈጠር ስለሆነ ከምግቡ ሰዓታት በኋላ ይመጣል፤ መሣሪያ ኖረም አልኖረም አይቀርም።

የአፍንጫ ነገር ተለይቶ መነገር አለበት፤ በእኔ አስተያየት በደጋ ትልቁ የተረሳ ምክንያት እሱ ነው። የአሰላ ሌሊት ብርድ ነው፣ በጋው ደረቅ ነው፣ ወጥ ቤቱ ይጨሳል፣ የስንዴና የገብስ ውቂያ ወራት አቧራው ዓይን ያጨልማል። አፍንጫው የተዘጋ ሰው አፉን ከፍቶ ያድራል። አፍ ሲከፈት አየሩ ይፈስሳል፣ ጉሮሮ ይደርቃል፣ የደረቀ ጉሮሮ ደግሞ ደጋግሞ ያስውጣል። ስለዚህ ከመተኛት በፊት አፍንጫን በንጹሕ የጨው ውሃ ማጠብ፣ አለርጂ ካለ ማከም፣ የመሣሪያውን የውሃ ዕቃ በንጹሕ ውሃ ሞልቶ እርጥበቱን ማብራት ተራ ምቾት አይደለም፤ የሆድ ሕክምና ነው። ክፍሉ በጣም ከቀዘቀዘ እርጥበቱ ቱቦው ውስጥ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ቱቦውን በብርድ ልብስ ሥር ማሳለፍ ይበጃል። አፍንጫው የሚተነፍስ ከሆነ አፍንጫን ብቻ የሚሸፍነው ማስክ አፍና አፍንጫን ከሚሸፍነው ይመረጣል፤ ትልቁ ማስክ ለተመሳሳይ ውጤት ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት እንደሚጠይቅ ጥናቶች ያሳያሉ። ግፊት በቀነሰ ቁጥር ደግሞ ሆድ ያርፋል።

ከመኝታ በፊት የምናደርገውም ይቆጠራል። ሲነፋን አምቦ ውሃ መጠጣት ልማዳችን ነው፤ ግሳቱ የተሻለን ያስመስለዋል። ነገር ግን አምቦ ራሱ ጋዝ ነው፤ ማታ የጠጣው ሰው ጨጓራውን አስቀድሞ ሞልቶ ማስኩን ያስራል። በቅቤ የራሰ ገንፎ ወይም ጩኮ ግሩም ምግብ ነው፤ ቅባት ግን ጨጓራን ቶሎ አያስለቅቅም፣ የታችኛውንም ቀለበት ያላላል። እራት ከመኝታው ሦስት ሰዓት ያህል ቢቀድም ይመረጣል። በረመዳን ከሱሁር በኋላ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ይህን ክፍተት ማግኘት አይችልም፤ እሱ ምግቡን አቅልሎ፣ ራስጌውን ከፍ አድርጎ፣ በግራ ጎኑ ቢተኛ ይረዳዋል። በግራ ጎን መተኛት የአሲድን መመለስ ይቀንሳል፤ በጎን መተኛት ራሱ ደግሞ ጉሮሮው በጀርባ ከመተኛት ይልቅ እንዲከፈት ስለሚረዳ አነስ ባለ ግፊት ማደር ይቻላል። አረቄና ጠላ ሁለቱንም ያበላሻሉ፤ ጉሮሮውንም ቀለበቱንም ያላላሉ። ዝንጅብልና ጦስኝ በሻይ የሚጠጣ ሰው አይከለከልም፤ ግን የአየሩን መግቢያ አይዘጉትም።

ትልቁ ሥጋቴ ግን ይህ አይደለም። በእኛ አገር ሆዱን ያመመው ሰው ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ይላል፤ ፋርማሲ ሄዶ ኦሜፕራዞል ይገዛል፣ ወይም ለባክቴሪያ ተብሎ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ይሰጠዋል። ኦሜፕራዞል አሲድ ይቀንሳል እንጂ አየር አያስወጣም። ቃር ላለበት ሰው በሐኪም ታዝዞ ሊጠቅም ይችላል፤ ቃር የሌለበትና በመሣሪያው የሚነፋ ሰው ግን ወራት ቢውጠው ለውጥ አያይም፤ በመጨረሻም የሚጥለው ክኒኑን ሳይሆን ማስኩን ይሆናል። በአንጻሩ ሁሉንም በመሣሪያው ማሳበብም አደገኛ ነው። የማያቋርጥ ኃይለኛ የሆድ ሕመም፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ እንደ ቅጥራን የጠቆረ ሰገራ፣ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ለመዋጥ መቸገር ወይም የደረት ሕመም ካለ ይህ የአየር ጉዳይ አይደለም። ያ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ከባዱን ተቃውሞ ልመልስ፦ «ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን አንተወውም?» የሚለውን። የሕክምናውን ጥቅም ማጋነን አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የወጣው ሴቭ የተባለ ትልቅ ጥናት የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 2,717 ሰዎች ተከታትሎ ሲፓፕ አዲስ የልብ ሕመምንና ስትሮክን ቀነሰ ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ይህን የሚያነሣ ሰው ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ተሳታፊዎቹ መሣሪያውን በአማካይ ሲጠቀሙበት ያደሩት በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ መሆኑን መዝግቧል፤ እንዲያም ሆኖ የቀን እንቅልፋቸውና ማንኮራፋታቸው ቀንሷል፣ ስሜታቸውና ሥራ ላይ መገኘታቸው ተሻሽሏል። ከዚህ የምወስደው ትምህርት ሁለት ነው። ሲፓፕ ለሁሉም ነገር ፈውስ አይደለም፤ የሚሰጠው ጥቅምም ማስኩ ፊት ላይ በቆየበት ሰዓት ልክ ነው። ሆድ የሚነፋበት ሰው ደግሞ ቀድሞ የሚያጣው ይህንኑ ሰዓት ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃል፣ ይነቅለዋል፣ መልሶ አያደርገውም። ከአሰላ አዳማ ከንጋት በፊት መኪና የሚነዳውን፣ በመከር ወራት ቀንና ሌሊት ኮምባይነር ላይ የሚቀመጠውን ሰው አስቡ። እሱ ነቅቶ መዋሉ ለእሱ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው።

«መሣሪያው በእጃችን የለም፤ የጥቂቶች ጉዳይ ነው» ለሚለውም ቢሆን መልሴ አጭር ነው። ጥቂት መሆናቸው ዛሬ እውነት ነው። መሣሪያ የሌለው ሰው በጎኑ ይተኛ፣ ማታ አልኮል ይተው፣ ውፍረት ካለው ይቀንስ፤ እነዚህ ገንዘብ አይጠይቁም። ያገኘው ሰው ግን ብዙ ወጪ የወጣበትን ነገር በሆድ መነፋት ምክንያት እንዳይጥለው ማድረግ ከሌላ መሣሪያ ግዢ የሚቀድም ሥራ ነው።

ስለዚህ አርሲ ዩኒቨርሲቲ በአሰላ የሚያስተምራቸውን ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣ በማስተማሪያ ሆስፒታሉ ተመላላሽ ክፍል የሚሠሩትንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ሲፓፕ የሚጠቀም ሰው ሲመጣ መሣሪያውንም ይዞ እንዲመጣ ንገሩት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ሌሊቱን በሙሉ ይመዘግባሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ትንፋሹ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ፣ ምን ያህል አየር በማስኩ ጎን እንደፈሰሰ፣ ከሌሊቱ 95 በመቶው ውስጥ ግፊቱ ከስንት እንዳልበለጠ። የፍሳሹ ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ግፊቱን ሳትነኩ ማስኩን አስተካክሉ። ፍሳሹ ጥሩ ሆኖ መቋረጡ ከ5 በታች ከሆነና ሆዱ ከተነፋ የላይኛውን ገደብ በ1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርጋችሁ ከሳምንት በኋላ መቋረጡን መልሳችሁ እዩ። መቋረጡ ከፍ ብሎ ሆዱም የሚነፋ ከሆነ በዚያ ቁጥር ላይ መቀነስ ስሕተት ነው፤ አፍንጫውን፣ አተኛኘቱን፣ ቃሩን መርምሩ። ቁጥሮቹ የትንፋሹ መቋረጥ ከጉሮሮ መዘጋት ሳይሆን ከአንጎል ትእዛዝ መዘግየት መሆኑን ካሳዩ፣ በተለይ ከባሕር ጠለል አካባቢ በቅርቡ መጥቶ በደጋው ባደረ እንግዳ ላይ፣ ግፊት መጨመር ሆድ ከመንፋት ያለፈ ጥቅም ላይሰጥ ይችላል፤ ጥቂት ሌሊት ጠብቃችሁ እንደገና አንብቡ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየውን ሳያፍር እንዲመልስ አድርጋችሁ «ጠዋት ሲነሡ ሆድዎ ይነፋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። በካርዱ ላይ ከደም ግፊቱ ቀጥሎ ጻፉት።